«እንደ ኢዮብ ታገሥ» የተባለው ሰው መጽሐፉን አንብቦ መጣ

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተው ሰው የጻፈው በንዴት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሱቁን ዘጋ። የእናቱም ኩላሊት ደከመና እጥበት ጀመሩ። በሳምንት ሦስቴ ያደርሳቸዋል፤ አራት አራት ሰዓት ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ዘመድ ቢደውል፣ ጎረቤት ቢያገኘው፣ የድሮ ደንበኛ መንገድ ላይ ቢያቆመው ሁሉም የሚለው አንድ ነገር ነው፤ እንደ ኢዮብ ታገሥ።

እሱም እዚያው ኮሪደር ላይ ስልኩን ከፈተና መጽሐፈ ኢዮብን ከምዕራፍ 1 እስከ 42 አነበበው። ሲጨርስ ግራ ገባው። ኢዮብ ዝም ብሎ የታገሠው በሁለት ምዕራፍ ብቻ ነው። በምዕራፍ 3 አፉን ከፍቶ የተወለደበትን ቀን ረገመ። ከዚያ ወዲያ እስከ ምዕራፍ 31 ይሟገታል፣ ያማርራል፣ ከእግዚአብሔር ጋር ፊት ለፊት ካልተካሰስኩ ይላል። ታዲያ ሰውዬው የጠየቀው ይህንን ነው፦ ብርታት ዝምታ ከሆነ ኢዮብ እንዴት ምሳሌ ተደረገ? ዝምታ ካልሆነስ እነዚያ የጥንት ዕብራውያን በክፉ ቀን ጉልበቱን ከየት ነበር የሚያመጡት?

መልሶቹ ሠላሳን አልፈዋል። ሁሉንም አልዘረዝርም። የ«አሜን» እና የእጅ ማጨብጨቢያ ምልክቶቹን ብቻ ብቆጥር ቀኑ ይመሻል።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ሰላምታ ሰጠ፣ ለእናትየው ምሕረት ለመነ፣ ከዚያ ወደ ነገሩ ገባ። የኢዮብ ትዕግሥት የሚባለው ዝና ጎልቶ የወጣው በአዲስ ኪዳን፣ ከያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 እንደሆነ አስረዳ። መጽሐፉ ራሱ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ መግቢያውና መደምደሚያው ትረካ፣ መካከሉ ግጥም። ትረካውን ብቻ ያነበበ ታጋሹን ኢዮብ ያገኛል። ግጥሙን ያነበበ ግን ከሌላ ሰው ጋር ይገናኛል።

2ኛዋ በዚህ ተስማማችና እኔ በክሩ ውስጥ ከተጠቀሱት ሁሉ የማስበልጠውን ጥቅስ አመጣች። ምዕራፍ 42 ቁጥር 7 ላይ እግዚአብሔር የሚቆጣው በተሟገተው በኢዮብ አይደለም። የሚቆጣው በኤልፋዝና በሁለቱ ባልንጀሮቹ ነው፤ ማለትም ምዕራፍ ሙሉ ስለ እግዚአብሔር ጥብቅና በቆሙት ላይ። እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ተባሉ። ሰባት ወይፈንና ሰባት አውራ በግ ይዘው ወደ ኢዮብ እንዲሄዱ፣ እሱም እንዲጸልይላቸው ታዘዙ። ሲመክሩት የከረሙት ሰዎች ደጁ ላይ ቆመው ሲታዩኝ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ ይለኛል።

3ኛው ግን ፍሬን ያዘ። ማማረር ሲለመድ ክህደት እንደሚሆን አስጠነቀቀ። ኢዮብም በመጨረሻ በትቢያና በአመድ ላይ ተቀምጦ ቃሉን እንደመለሰ አስታወሰ። ይህ እውነት ነው፤ 42 ቁጥር 6 ላይ አለ። ቀጥሎ ግን ምሳሌ 24 ቁጥር 10ን ጠቀሰ፤ በመከራ ቀን የላላ ሰው ጉልበቱ ጥቂት ነው የሚለውን። ኮሪደር ላይ ለተቀመጠ ሰው እንዲህ ያለ ጥቅስ መላክ ምን ይሉታል? 4ኛው ምንም ሳይሳደብ ልክ አስገባው። ቁጥር 11ን እንዲያነብ ብቻ ጋበዘው። የሚቀጥለው ቁጥር ወደ ሞት የሚነዱትን ሰዎች አድን ይላል። በ4ኛው አነባበብ የላላው ሰው የተቸገረው አይደለም። የላላው፣ ሌላው ሲቸገር እያየ እጁን የሰበሰበው ነው።

5ኛው ተረት ይዞ መጣ፤ ክሩም እዚህ ላይ ነው የጋለው። ታሪኩ ከታልሙድ ነው፤ የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርትና ክርክር ከተሰበሰበበት መጽሐፍ። ረቢ አቂባ በመንገድ ላይ ሳለ ወደ አንዲት ከተማ ደረሰ። የሚያሳድረው አጣ። ሁሉም ለበጎ ነው ብሎ ሜዳ ላይ አደረ። አህያ፣ አውራ ዶሮና መብራት ነበረው። ነፋስ መብራቱን አጠፋው፣ ድመት ዶሮውን በላችው፣ አንበሳ አህያውን ሰበረው። አቂባ አሁንም ለበጎ ነው አለ። በዚያች ሌሊት ጦር መጥቶ ከተማዋን ማረካት። መብራቱ ቢበራ፣ ዶሮው ቢጮኽ፣ አህያው ቢያናፋ እሱም ተይዞ ነበር።

6ኛውና 7ኛው በደስታ ተቀበሉት። እኛም እኮ ለበጎ ነው የሚል ተረት አለን ብለው የየአያታቸውን አወጡ። አንዱ ንጉሥ ጣቱን ይቆረጣል፣ ሌላው በቅሎ ይጠፋበታል። ጥሩ ጥሩ ተረቶች ናቸው። ከጥያቄው ጋር ምን እንዳገናኛቸው ግን እንጃ።

8ኛዋ ደርሳ በረዶ ጣለችባቸው። ያቺ የተማረከችው ከተማ ሰዎችስ? ለእነሱም ለበጎ ነበር? እንዲያ ስትል ጠየቀች። ከዚያ የራሷን አወራች። ልጇን የቀበረች ሰሞን አንዲት የሰፈር ሴት አጠገቧ ተቀምጣ፣ እጇን እየደባበሰች፣ ለበጎ ነው አለቻት። ሴትየዋ ክፉ እንዳልሆነች ታውቃለች። ንፍሮውን ስትቀቅል ያደረችውም እሷ ነበረች። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም ልትላት ባሰበች ቁጥር አፏ አልፈታ አለ። እዚህ ላይ ሁሉም ዝም አለ። ቀጣዩ መልስ የመጣው በማግሥቱ ነው።

9ኛው ከእስራኤል የሚጽፍ ነው፤ ራሱን ያስተዋወቀው ወላጆቹ በሱዳን በኩል በእግራቸው ከሄዱት ቤተ እስራኤል፣ ከኢትዮጵያ አይሁድ፣ እንደሆኑ በመግለጽ ነው። መጀመሪያ 8ኛዋን እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ አለ። ቀጥሎ 5ኛውን በትሕትና አረመው። አቂባ ያንን ቃል የተናገረው ስለ ራሱ አህያና ስለ ራሱ ዶሮ ነው። ለቅሶ ቤት ገብቶ ለሌላ ሰው አልተናገረውም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ከዚያ ሌላ ታሪክ ጨመረ። በዚያው በታልሙድ ክፍል፣ የአቂባው በ60ኛው ሉህ ላይ ሲሆን ይኼኛው ገና በ5ኛው ላይ ነው። እስከ ዛሬ በዚህ ርዕስ ካነበብኩት ሁሉ ይበልጥብኛል።

ረቢ ሒያ ታመመ። ረቢ ዮሐናን ሊጠይቀው ሄደ። ስብከት አላሰማውም። ይህን መከራህን ትወደዋለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ሒያም መከራውንም ዋጋውንም አልፈልግም አለ። እንግዲያው እጅህን ስጠኝ አለው፤ ሰጠው፤ አነሣው። ቆይቶ ዮሐናን ራሱ ታመመ። አሁን ጠያቂው ረቢ ሐኒና ነው። ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፣ ያው እጅ። ታልሙዱ ታዲያ እዚህ ላይ ይጠይቃል፤ ሌላውን ያነሣ ሰው ራሱን ለምን አያነሣም? መልሱ አጭር ነው፤ እስረኛ ራሱን ከእስር ቤት አይፈታም።

ይህ ዮሐናን ቀላል ሰው አልነበረም። በ3ኛው መቶ ዘመን ገሊላ ውስጥ ከነበሩት ታላላቅ መምህራን አንዱ ነው። እዚያው ገጽ ላይ እንደተጻፈው ዐሥር ወንዶች ልጆች ቀብሯል፤ የዐሥረኛውን ልጁን ትንሽ አጥንት ይዞ ይዞር ነበር። ኢዮብም የሞቱበት ልጆች ዐሥር ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ነው መከራዬን አልወደውም፣ ዋጋውም ይቅርብኝ ያለው። ማንም አልገሠጸውም።

10ኛው በዚህ መልስ ላይ እንባ የሚያብሱ ምልክቶች ደረደረ። 11ኛው መከራን አልፈልግም ማለት ይቻላል እንዴ ብሎ ተገረመ። እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነው። በየመጽሐፍ መደብሩ ስለ ውስጣዊ ጥንካሬ የሚጻፈው ሁሉ በራስህ ቁም ይላል። እዚህ ታሪክ ላይ በራሱ የቆመ አንድም ሰው የለም።

እንግዲህ ክሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። 12ኛዋ በቅን ልብ መዝሙር 23ን እንዲያነብ መከረችው። 13ኛው መዝሙር 22 ነው አለ። 14ኛው እነማን 22 እንደሚሉ፣ እነማን 23 እንደሚሉ ሃይማኖት ለይቶ መናገር ጀመረ። ከዚያማ ተዉት። ሁለት ሰው ተሰዳደበ፣ አንዱ መልስ በአስተዳዳሪው ተሰረዘ። 17ኛው መጥቶ ገላገላቸው። መዝሙሩ ያው አንድ መዝሙር ነው። የግሪኩ ትርጉም 9ኛውንና 10ኛውን አንድ ላይ ስላደረጋቸው ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ቁጥር በአንድ ወደ ኋላ ቀረ። ግእዙ የግሪኩን ቁጥር ተከተለ፤ የዕብራይስጡን የያዙት 23 ይላሉ። እረኛው አልተቀየረም።

18ኛዋ ከነሱ ጭቅጭቅ አንድ ጠቃሚ ነገር አወጣች። ሁልጊዜ የእረኛውን መዝሙር ለምን እንልካለን ብላ ጠየቀች። በግእዙ ቁጥር 87ኛውን፣ በዕብራይስጡ 88ኛውን ያነበበ አለ ወይ? ያ መዝሙር በጨለማ ነው የሚጨርሰው። ከሌሎቹ የልቅሶ መዝሙሮች አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ምስጋና ወይም ተስፋ ጣል ያደርጋሉ። ይኼኛው ወዳጆቼን አራቅህብኝ ብሎ፣ ጨለማን ጠርቶ ያቆማል። ሰብሳቢዎቹ ይህን አይተው ከመጽሐፉ አላወጡትም። እኛ ዘንድም ዳዊት ደጋሚው ተራው ሲደርስ ይደግመዋል፤ አይዘልለውም።

19ኛው ለዚህ ምሳሌ 25 ቁጥር 20ን አከለ። ላዘነ ልብ መዘመር በብርድ ቀን መጎናጸፊያ እንደ መግፈፍ ነው ይላል። ይህንን ስልኬ ላይ ጽፌ ማስቀመጥ ይገባኛል። ለታመመ ሰው የሚያበረታታ ቪዲዮ የምልክ ሰው ነኝና።

9ኛው እንደገና ተመለሰ፤ ይህኛው 20ኛ መልስ ነው። የአይሁድን የሰባት ቀን ለቅሶ ተረከ። ኀዘንተኛው ዝቅ ባለ ወንበር ወይም መሬት ላይ ይቀመጣል። ሥራ አይሠራም፣ የቆዳ ጫማ አያደርግም። ከቀብር መልስ የሚበላውን የመጀመሪያ ምግብ ጎረቤት ያመጣለታል እንጂ ከራሱ አይበላም። ሊጠይቅ የገባ ሰው ኀዘንተኛው ሳይናገር አፉን አይከፍትም። ይህን ሥርዓት ሊቃውንቱ የወሰዱት ከዚያው ከኢዮብ ነው። ሦስቱ ወዳጆች መጥተው ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድም ቃል የተናገረው የለም። ቀድሞ የተናገረው ኢዮብ ነው። ወዳጆቹ ያበላሹት ከዚያ በኋላ፣ መናገር ሲጀምሩ ነው።

የዚያ ምግብ ነገር ደግሞ አለ። ከሚቀርበው አንዱ ምስር ነው። ሊቃውንቱ ሲያስረዱ ምስር እንደ ሌላው ጥራጥሬ አፍ የለውም፤ ኀዘንተኛም አፍ የለውም ይላሉ። ከአተርና ከሽምብራ ጋር አስተያይታችሁ እዩት። እኔ አይቻለሁ።

እንግዲህ ንፍሮ ያለበት አገር ሰው ይህን ሰምቶ ዝም አይልም። 21ኛዋ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ እንዴት እንደሚቀቀል ዘረዘረች። 22ኛው ሽምብራ ሳይገባ ንፍሮ ነው ወይ አለ። 23ኛው ከውጭ አገር ሆኖ፣ እድር የሌለበት ሰፈር ውስጥ አባቱን ብቻውን ያለቀሰበትን ሳምንት አወራ። በሥራ ቦታው የተሰጠው ፈቃድ አልቆ በአራተኛው ቀን ወደ ሥራ እንደገባ ጻፈ። አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ ቢሆን ኖሮ እወድ ነበር ብሎ አቆመ። ለእሱ የመለሰለት የለም፤ ሰዉ አሁንም ንፍሮ ላይ ነው። ይሄ አበሳጨኝ።

24ኛው ኢዮብ በመጨረሻ ያገኘውን ሀብት ወደ ብር መቀየር ጀመረ። 14 ሺህ በግ፣ 6 ሺህ ግመል፣ 1 ሺህ ጥማድ በሬ፣ 1 ሺህ እንስት አህያ። የግመል ዋጋ ላይ ከአፋር ሰው ጋር አልተስማሙም። 8ኛዋ ልጆቹም ሁለት እጥፍ ሆኑ ወይ ስትል አቋረጠቻቸው። አልሆኑም። እንስሳው ሁሉ እጥፍ ሲሆን ልጆቹ እንደ ፊቱ ሰባት ወንድና ሦስት ሴት ናቸው። በግ ይተካል ብላ ተወችው።

እሷው ደግሞ ስለ ኢዮብ ሚስት ተነሣች። ሰዉ ሁሉ እግዚአብሔርን ስደብና ሙት ያለችውን ብቻ ይዞ ይወቅሳታል። እነዚያን ዐሥር ልጆች ግን የወለደቻቸው እሷ ናት፤ ለእሷ ሰባት ቀን አብሯት የተቀመጠ ወዳጅ አልተጻፈም። 26ኛው በዚህ ላይ ጥሩ ነገር አከለ። በግሪኩ ትርጉም ንግግሯ ከዕብራይስጡ ይረዝማል። ከቦታ ቦታ፣ ከቤት ወደ ቤት እየዞረች እንደምትለፋ፣ ከድካሟ ለማረፍ ፀሐይ እስክትጠልቅ እንደምትጠብቅ ትናገራለች። ቤተሰቡን ያቆመችው ማን እንደነበረች እዚያ ላይ ይገባል።

27ኛው ክርክሩን ሁሉ በአንድ ምት ሊቆርጠው ፈለገ። ኢዮብ የሚባል ሰው እንዳልነበረ፣ ተረት ላይ እንደምንጣላ ጻፈ። ይህን ያለው የመጀመሪያው እሱ አይደለም። ታልሙድ ውስጥም ኢዮብ አልነበረም፣ ምሳሌ ነው ያለ አስተያየት ተመዝግቧል። ወዲያው ተቃውሞ ቢገጥመውም አስተያየቱ አልተፋቀም። 27ኛው ይህን ሲሰማ ትንሽ ያዘነ መሰለኝ፤ አዲስ ነገር ያመጣ መስሎት ነበር።

9ኛው አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ቤቱ ጻፈ። አባቱ ስለ ሱዳን መንገድ ለብዙ ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሱም። ልጆቹ ብርታት መሰላቸው። በዚያ መንገድና በስደተኛ ጣቢያዎቹ 4 ሺህ ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። በ2007 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም፣ ሄርጽል ተራራ ላይ የመታሰቢያው ሐውልት ሲቆም አባቱን ይዟቸው ሄደ። የዚያን ቀን ማታ አባቱ ተናገሩ። በረሃ ላይ የቀበሯትን እህታቸውን ስም እስከዚያ ቀን ቤት ውስጥ ማንም አያውቀውም ነበር። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ የቤተ እስራኤል በዓል የሆነው ሲግድ ሲከበር ስሟ ይነሣል። እኔ ለክሩ ጥያቄ ይህ በቂ መልስ ነው ባይ ነኝ።

29ኛው ግን አልተዋጠለትም። መጽሐፍ መጽሐፍ ከማለት ሰውየው ብር እንደሚያስፈልገው፣ እንቅልፍ ካጣም ሐኪም ማየት እንዳለበት ቆጣ ብሎ ጻፈ። አነጋገሩ ሻካራ ነው። ያለው ግን ትክክል ነው። 30ኛዋ እናቱ የሚታጠቡበትን ሰፈር ጠየቀችው።

በ31ኛው ባለቤቱ ራሱ ብቅ አለ። ሁሉንም አመሰገነ፤ 3ኛውንም ጭምር። መዝሙሩን ኮሪደር ላይ ለእናቱ ጮክ ብሎ እንዳነበበላቸውና እሳቸው በጨለማ የሚያልቀውን ድገመው እንዳሉት ጻፈ። ሰፈሩንም ተናገረ። 30ኛዋ ቤቷ ቅርብ ነው። ሐሙስ ሐሙስ መጥታ አብራው እንደምትቀመጥ፣ ምክር እንደማታመጣ፣ ቡና በፔርሙዝ እንደምትይዝ ቃል ገባች። 23ኛውም፣ ያ አባቱን ብቻውን ያለቀሰው፣ እጥበት በሚጠብቅበት ሰዓት ልደውልልህ ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለቤቱ ማክሰኞ ይሻለኛል አለው።

ክሩ አሁንም አልተዘጋም። ትናንት ማታ 34ኛው አዲስ ጥያቄ ወርውሯል። በመጨረሻው ምዕራፍ የተገሠጹት ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ናቸው። ከምዕራፍ 32 እስከ 37 ሲናገር የቆየው ወጣቱ ኤሊሁ ግን አልተወቀሰም፣ አልተመሰገነም፣ ስሙም አልተነሣም። ለምን? አንዱ እውነት ስለተናገረ ነው አለ። ሌላው ክፍሉ በኋላ የተጨመረ ነው አለ። እኔን ብትጠይቁኝ፣ ስድስት ምዕራፍ ሙሉ ሲያወራ ማንም አልመለሰለትም፤ ኢዮብም ጭምር። የ3ኛው ሰው አስተያየት ግን ገና አልመጣም፤ እየጠበቅን ነው።